የፖኬሞን ካርድ ቪዲዮን ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መፍታት፦ ዝርዝር መመሪያ

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፤ የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለልደቱ ዘመድ አዝማድ የሰጠውን ገንዘብ አጠራቅሞ 24 ፓክ የፖኬሞን ካርድ ገዛ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ከፈታቸው። የሚመኛት ብርቅ ካርድ ግን አልወጣችም። ሲጨርስ አላለቀሰም፤ ዝም አለ። ማታ ላይ መጣና «አጎቴ፣ እሱ እኮ በሦስተኛው ፓክ ነው ያገኘው። እኔ ሃያ አራት ከፍቼ ለምን አጣሁ?» አለኝ። «እሱ» ያለው ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር የሚያየውን፣ የካርድ ፓክ እየከፈተ የሚያሳየውን ዩቲዩበር ነው።

ይህ መመሪያ የተወለደው ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሒሳብም ይችላል። ነገር ግን ቪዲዮዎቹ የሚሠሩት ሒሳቡ እንዳይታሰብ ሆነው ነው። እኔም ከጎኑ ቁጭ ብዬ ሳይ ልቤ አብሮ ሲመታ ተሰምቶኛል። ከዚያ በኋላ አንድ ቪዲዮ መርጠን እንደ ሰዓት ፈታታነው። ያደረግነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ስለ ቃላቱ፦ እዚህ ካርድ የምለው ኮንከር የምንጫወትበትን ካርታ አይደለም። ሥዕል ያለበት፣ ልጆች የሚሰበስቡትና የሚለዋወጡት ካርድ ነው። የፖኬሞን ካርድ ጃፓን ውስጥ በ1996፣ አሜሪካ ውስጥ በ1999 ገበያ ላይ ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ካርዶቹ የሚሸጡት በታሸገ ፓክ ነው። በእንግሊዝኛው እትም አንድ ፓክ ውስጥ 10 የጨዋታ ካርድ አለ፤ 36 ፓክ ደግሞ አንድ ሙሉ ሳጥን ይሆናል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሚያስፈልግዎ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ሰዓት ጊዜ፣ ለኋላ ደግሞ አንድ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ፣ አንድ ፍሬ ቀይ ቦሎቄና የጨርቅ ከረጢት ነው።

1. ልጁ ያስተምርዎ

ቪዲዮውን ልጁ ይምረጥ፤ የሚወደውን። መጀመሪያ ዝም ብለው አብረው ይዩት። ስለ ካርዶቹ ይጠይቁት፤ የትኛው ብርቅ እንደሆነ፣ ጥጉ ላይ ያለው ምልክት ምን እንደሚል፣ እሱ የሚወደው የትኛውን እንደሆነ ይንገርዎ። «ይሄ ገንዘብ መብያ ነው» ብለው ከጀመሩ ልጁ ለሰውዬው ጠበቃ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሉት ነገር አይገባለትም። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ያበላሸሁት እንዲህ ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን ዝም ብዬ ስሰማው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራኝ።

2. ሽፋኑንና የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለብቻ ይዩ

አሁን ቪዲዮውን እንደገና ያስጀምሩትና በአንደኛው ደቂቃ ላይ ያቁሙት። ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ የሽፋኑ ምስልና ርዕስ ምን ቃል ገቡ? ቃሉ የተፈጸመው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ሰውዬው አፉን ከፍቶ፣ ካርዱ በጭጋግ ተሸፍኖ ወይም ግማሹ ተቆርጦ ይታያል። ቪዲዮው ሲጀምር ደግሞ የመጨረሻው ጩኸት ሦስት ሰከንድ ያህል ይደመጥና ይቋረጣል። የተጀመረ ወሬ ካልተጨረሰ እንቅልፍ እንደሚነሳው ሁሉ፣ ተመልካቹ ካርዱን ሳያይ አይወጣም። እኛ ባየነው ቪዲዮ ቃሉ የተገባው በ4ኛው ሰከንድ፣ የተፈጸመው በ19ኛው ደቂቃ ነበር። በመካከል ያሉት ደቂቃዎች ማስታወቂያ የሚገባባቸው ናቸው።

3. ድምፁን አጥፍተው እጁን ብቻ ይመልከቱ

ከሁሉም በላይ ልጁን ያስደነቀው ይህ እርምጃ ነው፤ አይዝለሉት።

ድምፁን ያጥፉና የማጫወቻውን ፍጥነት በግማሽ ይቀንሱ። ሰውዬው ፓኩን ቀድዶ ካርዶቹን እንዳወጣ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ ከኋላ ጥቂት ካርዶች ቆጥረው ወደ ፊት ያመጣሉ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ይወስዳሉ። በፋብሪካ ሲታሸግ ብርቁ ካርድ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ስለሚታወቅ፣ ቅደም ተከተሉን ለውጠው ብርቁ መጨረሻ ላይ እንዲመጣ ያደርጉታል። ሰብሳቢዎች በግልጽ የሚያውቁት ልማድ ነው፤ ማጭበርበርም አይባልም። ተራዎቹ ካርዶች በፍጥነት ያልፋሉ፣ የመጨረሻው ግን ከጠርዙ በጥቂት በጥቂቱ ይገለጣል። መጀመሪያ ቀለሙ ይታያል፣ ቀጥሎ ጭራው፣ ከዚያ ትንፋሽ ይያዛል።

አሁን ድምፁን ይመልሱና ያንኑ ቦታ ይስሙት። ሙዚቃው ይቆማል፤ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ካርዱ ተራ ሆኖ ከተገኘ «ውይ! ለትንሽ!» ይላል። ይህችን «ለትንሽ» ይቁጠሯት። አሥር ካርድ ተደርድሮ የታሸገ ፓክ ውስጥ ለትንሽ መሳት የሚባል ነገር የለም፤ ካርዱ ወይ አለ ወይ የለም። ቃሏ ግን ቀጣዩ ፓክ ቅርብ ነው የሚል ስሜት ትተክላለች።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1950ዎቹ ከርግቦች ጋር የሠራው ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ርግቧ ቁልፉን በነካች ቁጥር እህል ብታገኝና እህሉ ሲቆም፣ ብዙም ሳትቆይ ትተወዋለች። እህሉ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ሁኔታ አንዳንዴ ብቻ ሲመጣላት ከቆየ ግን፣ ምንም ሳታገኝም ለረጅም ጊዜ መንካቷን ትቀጥላለች። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚህ ነው። ፓክም እንዲሁ። ቪዲዮው የሚጨምርበት ነገር ቢኖር፣ ሳይከፍሉ በሌላ ሰው እጅ ቁልፉን ደጋግመው እንዲነኩ ማድረጉ ነው። ልጁ መደብር ሲደርስ ልምምዱን ጨርሷል።

4. ይቁጠሩ፤ ከዚያ ቦሎቄውን ያምጡ

በቪዲዮው ውስጥ ስንት ፓክ ሲከፈት አዩ? በጠረጴዛው ዳር የተከመረው ባዶ ልጣጭስ ከዚያ ይበልጣል? ምስሉ በተቆረጠባቸው ቦታዎች ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የሰውዬው እጅ ወይም የካርዱ ክምር ድንገት ቦታ ሲቀይር እዚያ ጋ የተቆረጠ ነገር አለ ማለት ነው። የተቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልወጣበት ፓክ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ልጁ የሚመኘው ካርድ ከ400 ፓክ በአንዱ ይወጣል እንበል። ይህ ለስሌት የመረጥኩት ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ካርድ የመውጣት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ፓኩ ላይ አይጻፍም። በዚህ ስሌት 24 ፓክ የገዛ ልጅ ካርዱን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 6 አይሞላም። ሙሉ ሳጥን፣ ማለትም 36 ፓክ ቢገዛ ከመቶ 9 አይሞላም። 400 ፓክ ቢገዛስ? የእህቴ ልጅ ወዲያው «መቶ በመቶ!» አለ። ትክክለኛው መልስ ከመቶ 63 ገደማ ነው። በ2023 «ስካርሌት እና ቫዮሌት» የተባለው የፖኬሞን ካርድ ተከታታይ ሲጀመር የአንድ ፓክ የተተመነ የመደብር ዋጋ 4.49 ዶላር ነበር። በዚያ ሒሳብ 1,796 ዶላር አውጥተው 400 ፓክ ከሚከፍቱ 100 ሰዎች 37ቱ ያን ካርድ ሳያዩት ይቀራሉ።

ልጅ ይህን በቃል ቢነግሩት አያምንም። ስለዚህ 399 ነጭ ቦሎቄና አንድ ቀይ ቦሎቄ ቆጥራችሁ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። መጠናቸው ይመሳሰል። ልጁ ሳያይ አንድ ያውጣ፣ ቀለሙን ይመዝግብ፣ መልሶ ይክተት፣ ይነቅንቅ። ሃያ አራት ጊዜ። የእኛው አሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ «ገባኝ» አለ፤ ግን እስከ መጨረሻው እንዲያወጣ አደረግኩት፣ ምክንያቱም መሰልቸቱም የትምህርቱ አካል ነው። ቪዲዮው የሚደብቀው ዋናው ነገር ይህ መሰልቸት ነው።

«እሱ ግን በሦስተኛው አገኘ!» ለሚለው መልሱ እዚሁ ነው። አንድ ሺህ ሰዎች እያንዳንዳቸው 24 ፓክ ቢከፍቱ በዚሁ ስሌት 58 ያህሉ ካርዱን ያገኛሉ። ርዕስ የሚወጣለት፣ ሽፋን የሚሠራለት፣ ዩቲዩብም ደጋግሞ የሚያቀርበው የእነዚያን 58 ሰዎች ቪዲዮ ነው። የቀሩትን 942 ማን ያያቸዋል? ሎተሪ የደረሰው ሰው ፎቶው ይወጣል፤ ትኬቱን ቀድዶ የጣለው ግን አይወጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1973 እንዳሳዩት፣ ሰው የአንድን ነገር ዕድል የሚገምተው ምሳሌው ቶሎ ወደ አእምሮው በመምጣቱ ነው። ልጁ በሳምንት አርባ አሸናፊ ካየ፣ ማሸነፍ የተለመደ ነገር ይመስለዋል።

ይህ ቁማር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። በ1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወላጆች የፖኬሞን ካርድ ሽያጭ ሕገ ወጥ ቁማር ነው ብለው ከሰው ነበር። በ2002 የዘጠነኛው ወረዳ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉትን ክሶች ሲዘጋ፣ ገዢው የከፈለበትን ፓክ አግኝቷል፣ ብርቅ ካርድ አጥቶ ማዘኑ እንዲህ ያለ ክስ ለመመሥረት የሚያበቃ የንብረት ጉዳት አይደለም አለ።

5. ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይሳሉ

ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ፤ አንዱ የሰውዬው፣ ሌላው የልጁ። ሰውዬው አንድ ሳጥን ከፍቶ ምንም ቢያጣ ምን ይከስራል? የሳጥኑን ዋጋ፤ ያውም ከገዛው ነው። ምን ያገኛል? የማስታወቂያ ገቢ፣ ከቪዲዮው ሥር ባለው ሊንክ ገብቶ ከገዛ ሰው የሚከፈለው ኮሚሽን፣ ከራሱ መደብር ሽያጭ፣ አንዳንዴም ከሻጭ በነጻ የተላከለት ሳጥን። ልጁስ ሳጥን ከፍቶ ምንም ቢያጣ? የልጁ ዓምድ ባዶ ነው።

ለሰውዬው ፓኩ የሥራ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ለልጁ ወጪ ነው። ይህን ከተረዳ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ግድ የለኝም። በጃንዋሪ 2022 ታዋቂው ዩቲዩበር ሎጋን ፖል በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው፣ የድሮ ፖኬሞን ሳጥኖች አሉበት የተባለ ካርቶን ሲከፈት ከፖኬሞን ጋር የማይገናኙ፣ ጂ.አይ. ጆ የተባለው የወታደር አሻንጉሊት ካርዶች ተገኙበት። የተታለለው እሱ ነው። ሆኖም መታለሉ ራሱ ቪዲዮ ሆኖ በሚሊዮኖች ታየ። አንድ ልጅ በ20 ዶላር የተጭበረበረ ፓክ ቢገዛ ግን ቪዲዮ የሚያይለት የለም።

ግንኙነቱ መገለጹንም ይፈትሹ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት፣ ተናጋሪው ከሻጩ ገንዘብ ወይም ነጻ ዕቃ ካገኘ ተመልካቹ በማያመልጠው መንገድ መናገር አለበት፤ በቪዲዮ ማስታወቂያ ደግሞ ከሥር ባለው መግለጫ ላይ ብቻ መጻፉ አይበቃም። ዩቲዩብም «የተከፈለበት ማስተዋወቂያ አለው» የሚል ምልክት መጀመሪያው ላይ ያሳያል። ከቪዲዮው ሥር ያለውን መግለጫ እስከ ታች ይክፈቱት። ሊንኮቹን ይቁጠሩ፤ ኮሚሽን ያገኛል የሚል ዓረፍተ ነገር የት ጋ እንደተቀመጠ ለልጁ ያሳዩት። እኛ ያገኘነው ከአሥራ አንድ ሊንክ በታች ነበር።

6. የተጠራውን ዋጋ ይመርምሩ

ካርዱ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ «300 ዶላር!» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ።

የተጠየቀ ዋጋ ነው ወይስ የተሸጠበት? መርካቶ ያደገ ሰው ልዩነቱን አያጣውም፤ የተጠራ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ ለየቅል ናቸው። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ ዕቃዎች» የሚለውን ማጣሪያ ቢጫኑ፣ ባለፉት 90 ቀናት በእርግጥ የተሸጡበትን ዋጋ ያያሉ።

ዋጋው የየትኛው ካርድ ነው? እንደ ፒኤስኤ ያሉ ድርጅቶች ካርድን መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። 10 ያገኘ ካርድ ካልተመረመረው አቻው ብዙ እጥፍ ሊሸጥ ይችላል። ቪዲዮው ላይ አሁን ከፓክ የወጣው ካርድ ገና አልተመረመረም፤ የሚጠራው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ የ10ሩ ነው።

ሦስተኛው፦ ቢሸጥ ኪስ የሚገባው ስንት ነው? ከመሸጫው ገጽ ክፍያ፣ ከፖስታና ከማሸጊያ በኋላ ያለውን ልጁ ራሱ ያስላው።

7. «ሊያልቅ ነው» ሲባል

ይህ ግርግር አንዳንዴ እውነት አለው። በሜይ 2021 ዊስኮንሲን ውስጥ ባለ መደብር መኪና ማቆሚያ ላይ በካርድ የተነሳ ጠብ ሽጉጥ እስከ መምዘዝ ደርሶ፣ ታርጌት በመደብሮቹ ውስጥ የካርድ ሽያጭ ለጊዜው አቁሞ ነበር። በጃንዋሪ 2025 የወጣው ፕሪዝማቲክ ኢቮሉሽንስ የተባለው ስብስብም ከመደርደሪያ ወዲያው ጠፋ። ይህ የመደርደሪያ እጥረት ነው፤ ኩባንያው ግን ደግሞ ያትማል። የፖኬሞን ኩባንያ ራሱ ባወጣው ቁጥር እስከ ማርች 2023 የታተመው ካርድ 52.9 ቢሊዮን፣ እስከ ማርች 2024 ደግሞ 64.8 ቢሊዮን ነበር። በአንድ ዓመት ወደ 12 ቢሊዮን ገደማ ማለት ነው።

«ኢንቨስትመንት ነው፣ ታሽጎ ይቀመጥ» የሚሉትንም በዚሁ ይመዝኑ። በኦገስት 2022 አንድ የ1952 የሚኪ ማንትል ቤዝቦል ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ካርዱን ያሳተመው የቶፕስ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሳይ በርገር እንደተናገረው፣ የዚያ ዓመት ትርፍ ካርቶን በ1960 ውቅያኖስ ውስጥ ተጥሏል፤ ልጆችም ካርዱን በብስክሌት ጎማ ላይ እያሰሩ ጨርሰውታል። ውድ ያደረገው ማንም ያስቀምጠዋል ብሎ አለማሰቡ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ሁሉም ሰው ለልጁ ትምህርት ይሆናል ብሎ ካርቶን ሙሉ አስቀመጠ፤ ዛሬ የዚያ ዘመን ካርድ አብዛኛው የታሸገበትን ወረቀት ዋጋ እንኳ አያወጣም።

8. «ቤተሰብ» እና ቀጥታ ጨረታ

ሰውዬው ተመልካቾቹን «ቤተሰብ» ይላል፤ ስለ ውሻው ያወራል፤ ልጁም እንደ ታላቅ ወንድም ይወደዋል። ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል በ1956 ስለ ቴሌቪዥን ሲጽፉ ይህን የአንድ ወገን ወዳጅነት በደንብ አይተውት ነበር። ልጁን በዚህ አያሳፍሩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «ስምህን ያውቃል?»

በቀጥታ ስርጭት የሚካሄድ የካርድ ጨረታ ግን ለልጅ አይሆንም፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ የገዢዎች ስም ይተላለፋል፣ አንድ ሰው ሲያሸንፍ ጭብጨባ ይዘንባል፤ ለማሰብ የሚቀረው ሰባት ሰከንድ ነው። የባንክ ካርድዎ በስልኩ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ዛሬውኑ ያጥፉት።

9. ከዚያስ?

ቪዲዮ አልከለከልንም። ቀጣዩ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረጊያውን አጠፋን፤ ቪዲዮ አይቶ በዚያው ቀን ላለመግዛት ተስማማን፤ የሚገዛውን ጽፎ ሁለት ቀን ያሳድረዋል። የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ካርድ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ካርድ ነጠላውን ይገዛል። በ24 ፓክ ያጣትን ካርድ፣ ማዕዘኗ ትንሽ የተላጨች፣ በ9 ዶላር ገዛን። ፓክ መክፈት ደስ የሚለው ከሆነም ይክፈት፤ ለደስታው እንደሚከፍል አውቆ፣ እንደ ሲኒማ ትኬት።

ከአንድ ወር በኋላ የራሱን ቪዲዮ መሥራት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደንቡን ራሱ አወጣ፦ ምንም አይቆረጥም፣ የካርዶቹ ቅደም ተከተል አይነካም፣ ዋጋው መጀመሪያ ይነገራል። እናቱ ስልኩን ያዘችለት። ፊቱ አይታይም፤ እጆቹ ብቻ። ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ «ሦስት ፓክ፣ 13 ዶላር ከ47 ሳንቲም፣ ታክሱ ሳይቆጠር። ውድ ካርድ አልወጣም። ግን ይቺ እንቁራሪት ታምራለች።»